ጾሙና በዓሉ መርሐ ግብሩ ላይ ይግባ

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር ውስጥ ከሐይቁ ብዙም በማይርቅ የመንግሥት ትምህርት ቤት የከሰዓት ፈረቃ ዩኒት መሪ ነኝ። ከ5ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ያሉት ልጆች በእኔ ሥር ናቸው። ባለፈው የካቲት ሁዳዴና ረመዳን በአንድ ሳምንት ገቡብንና በስፖርት ክፍለ ጊዜ ሁለት ልጆች ወደቁ። ዓርብ ዓርብ ሙስሊም ተማሪዎች የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ አይገቡም፤ አንዱ መምህር ቀሪ ይላቸዋል፣ ሌላው ዝም ይላል። ለመዝጊያው በዓል በግ ታርዶ ግማሹ ልጅ ሳይበላ ወደ ቤቱ ሄደ፣ ወላጆችም ተቆጡ። ቅዳሜ ለማካካሻ የማይመጣ አድቬንቲስት ተማሪ አለን። በሐይቁ ዳር ከሚኖረው ከነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ ወገን የሆኑት ልጆች ደግሞ አብሯቸው የሚበላ የለም። ርዕሰ መምህራችን «ትምህርት ቤት ከሃይማኖት ነፃ ነው፤ ለአንዱ ከፈቀድን ማቆሚያ የለውም» ይላሉ። ለ2019 ዓ.ም. ምን ላዘጋጅ?

መልስ፦ ውድ መምህርት፣ ርዕሰ መምህርዎ የሕጉን ግማሽ በትክክል ይዘውታል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 11 መንግሥትንና ሃይማኖትን ይለያል፤ አንቀጽ 90 ንዑስ አንቀጽ 2 ደግሞ ትምህርት ከሃይማኖት፣ ከፖለቲካ አመለካከትና ከባህል ተጽዕኖ ነፃ ሆኖ እንዲሰጥ ያዛል። ቀሪው ግማሽ አንቀጽ 27 ላይ አለ። ማንም ሰው ሃይማኖቱን የመያዝና የመግለጽ፣ ወላጆችም ልጆቻቸውን በእምነታቸው የማሳደግ መብት አላቸው ይላል። ሁለቱ አንድ ላይ ሲነበቡ ግቢው አምልኮ አያካሂድም፤ በእምነቱ ምክንያት ግን ማንንም ልጅ ከትምህርቱ አያስቀርም። ስለዚህ በሰልፍ ላይ ጸሎት ይደረግ፣ አንድ ክፍል ለስግደት ይለቀቅ የሚል ጥያቄ ከየትኛውም ወገን ቢመጣ መልስዎ አይሆንም ነው። የሰዓት፣ የምግብና የፈተና ቀን ጥያቄ ግን ተራ የአስተዳደር ሥራ ነው።

«ማቆሚያ የለውም» የሚለው ስጋት እውነት የሚሆነው ፈቃድ በየልጁ፣ በየበሩ፣ በየመምህሩ ፊት ሲለመን ነው። ያኔ ደፋሩ ልጅ ያገኛል፣ ዓይን አፋሩ ይቀራል፤ ደግ መምህር ያሳልፋል፣ ጥብቁ ቀሪ ይላል። አስቀድሞ ለሁሉም በሚሠራ መርሐ ግብር ላይ ሲጻፍ ግን የሚለመን ነገር አይኖርም። የምንመክርዎ ሁሉ ከዚህ የሚነሣ ነው።

መጀመሪያ የ2019ን የቀን መቁጠሪያ ይዘው ይቀመጡ። የሁለተኛው ወሰነ ትምህርት ነገር ከባድ ነው። ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ስለሚቀድም በ2019 የካቲት 1 ገደማ ይገባል፤ ትክክለኛው ቀን ጨረቃ ስትታይ ይረጋገጣል። ዒድ አልፈጥር የካቲት 30 ወይም መጋቢት 1 አካባቢ ይውላል። ጾመ ነነዌ ከየካቲት 15 እስከ 17 ነው፣ ማለትም በረመዳን መካከል። ሁዳዴ የካቲት 29 ይገባና ፋሲካ ሚያዝያ 24 ይሆናል። እንግዲህ ከየካቲት መጀመሪያ እስከ ሚያዝያ 23 ድረስ፣ 12 ሳምንት ለሚጠጋ ጊዜ፣ ክፍልዎ ውስጥ ሁልጊዜ የሚጾም ልጅ አለ። አረፋ ግንቦት 8 ገደማ ነው። የሰሙነ ሕማማት ሰኞ ሚያዝያ 18፣ ስቅለት ሚያዝያ 22 ነው።

ከዚህ የሚወጣው ውሳኔ አጭር ነው። ሚድ ፈተናን በሰሙነ ሕማማት፣ በረመዳን መጨረሻ 10 ቀናትና ከዒድ በፊትና በኋላ ባሉት ሁለት ሁለት ቀናት ውስጥ አያስገቡ። በረመዳን መጨረሻ ብዙ ቤተሰብ ሌሊቱን በሶላት ያሳልፋል፤ በሰሙነ ሕማማት ደግሞ ስግደቱ አለ፣ ጾሙም ይጠብቃል። በሁለቱም ጊዜ ልጁ የሚመጣው እንቅልፍና ጉልበት አጥቶ ነው። ለሚድ የሚመቸው ከመጋቢት 6 እስከ 17 ያለው ጊዜ ነው፤ ዒዱ አልፏል፣ ሁዳዴውም ገና አልበረታም። ከሕዝባዊ በዓላት ውጭ ያሉ የአጥቢያ ንግሦችንም ከወላጆች ጠይቀው ይመዝግቡ። ለምሳሌ የካቲት 16 ኪዳነ ምሕረት ስትነግሥ ዘጌ አካባቢ የሚቀረው ልጅ ብዙ ነው፤ ጥር 10 ከተራ ሲሆንም ታቦት ከሚወጣበት አጥቢያ ያለ ክፍል ከሰዓት በኋላ ባዶ ይሆናል። ቀኑን ዝግ አያድርጉት፤ ፈተናና የሚታረም ሥራ ግን አያስቀምጡበት።

አሁን ወደ ሰዓቱ እንምጣ። ብዙውን ነገር የሚፈታው ይህ ነው፣ ወጪም የለውም። ፈረቃዎ በ6:20 ጀምሮ እያንዳንዱ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ከሆነ እረፍቱ ብዙ ጊዜ ከሦስተኛው በኋላ፣ በ8:20 ይወጣል። በሁዳዴ የሚጾመው ልጅ ግን የሚገድፈው በዘጠኝ ሰዓት ነው። ስለዚህ በእረፍቱ ጊዜ ቁጭ ብሎ ሌላው ሲበላ ያያል፤ በዘጠኝ ደግሞ ክፍል ውስጥ ነውና ምሳ ዕቃውን መክፈት አይችልም። እረፍቱን ከአራተኛው ክፍለ ጊዜ በኋላ ያድርጉት። በ6:20 የጀመሩ አራት ክፍለ ጊዜያት በትክክል 9:00 ላይ ያልቃሉ፤ 20 ደቂቃ እረፍት፣ ከዚያ ሁለት ክፍለ ጊዜ፣ መውጫው እንደ ቀድሞው 10:40። የጠፋ ደቂቃ የለም። ለውጡን ለጾሙ ወራት ብቻ ሳይሆን ዓመቱን ሙሉ ያድርጉት፤ ረቡዕና ዓርብ እስከ ዘጠኝ የሚጾም ልጅ በየሳምንቱ አለ። የማይጾሙ ታናናሾች እስከ ዘጠኝ እንዳይራቡ ከሁለተኛው ክፍለ ጊዜ በኋላ የ5 ደቂቃ የውሃ እረፍት ይፍቀዱ፤ መውጫውን በዚያው 5 ደቂቃ ያዘገያል፣ ወይም ከትልቁ እረፍት ይቀነሳል።

ሙስሊሙ ልጅ በዘጠኝ አይገድፍም። በመጋቢት መግቢያ ባሕር ዳር ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 12:40 ገደማ ነው። ስለዚህ በረመዳን እረፍት ላይ ከምግቡ ራቅ ያለ ጥላ ወይም ቤተ መጻሕፍቱ ክፍት ይሁን። ወደዚያ ማንም አይላክ፤ የፈለገ ይሂድ። በሌላ በኩል የሚበላው ልጅ እንዲደበቅ አይገደድ። ፕሮቴስታንት ሆኖ በቀኑ የማይጾም፣ ታሞ የሚበላ፣ በወር አበባ ላይ ያለች ልጅ ሁሉ «ለምን በላህ፣ ለምን በላሽ» መባል የለባቸውም። ይህን የሚያደርጉት ተማሪዎች ብቻ አይደሉም፤ አንዳንድ መምህርም «ጾመኛ ማነው?» ብሎ እጅ ያስወጣል። በስብሰባ ላይ በግልጽ ይከልክሉት።

ስፖርት ላይ ሁለቱ ልጆች የወደቁበት ምክንያት ግልጽ ነው። የካቲት፣ መጋቢትና ሚያዝያ የከተማዋ ሞቃት ወራት ናቸው። ከሌሊት ጀምሮ ያልበላና ውሃ ያልጠጣ ልጅ በ7 ሰዓት ፀሐይ ሲሮጥ በላብ የሚወጣው ውሃና ጨው አይተካም፤ ደም ግፊቱ ይወርዳል፣ ሩጫውን ድንገት ሲያቆም ይወድቃል። በእነዚያ 12 ሳምንታት የስፖርቱን ክፍለ ጊዜ የመጨረሻው ያድርጉት፣ ይዘቱም የሕግና የስልት ትምህርት፣ ቀላል የኳስ ቅብብልና መንጠራራት ይሁን። በሩጫ ውጤት የሚያዝበትን ምዘና እስከ ጥር መጨረሻ ወይም ከፋሲካ በኋላ ያድርጉት። ለሁሉም ተማሪ አንድ ዓይነት ይሁን። ጾመኛውን ብቻ ዳር አስቀምጦ ሌላውን ማስሮጥ ልጁን ምልክት ማድረግ ነው፤ ተፎካካሪ ልጆችም እንዳይቀሩ ብለው መጾማቸውን ይደብቃሉ፣ የሚወድቁትም እነዚያው ናቸው።

ልጅ ሲያዞረው ወዲያው ጥላ ውስጥ ያስተኙት፣ እግሩን ከፍ ያድርጉ፣ አንገቱና ወገቡ ላይ የጠበቀውን ልብስ ያላሉ። ነቅቶ የሚናገር ከሆነ፣ ላብ ላብ ካለውና እጁ ከተንቀጠቀጠ በግማሽ ብርጭቆ ውሃ ሦስት ወይም አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በጥብጠው ይስጡት፣ 15 ደቂቃም ይጠብቁ። ካልነቃ በአፉ ምንም አይስጡ፤ በጎኑ አስተኝተው ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት። «ጾሙን ላስፈርሰው?» የሚለው ጭንቀት መምህራንን ያዘገያል። የታመመ ሰው መግደፍ በሁለቱም እምነት የተፈቀደ ነው፤ እስልምና ላይ ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ጾሙ ግዴታው አይደለም። ይህን በመስከረም የወላጆች ስብሰባ ላይ ካህኑና ኢማሙ ባሉበት ቢነጋገሩበት በኋላ ጠብ አይነሣም። መምህሩ ልጁ እንዲጾም ወይም እንዲተው አይመክርም፤ የሚያየው ጤናውን ብቻ ነው። የስኳር በሽታ፣ የሚጥል በሽታ ወይም በየሰዓቱ የሚወሰድ መድኃኒት ያለባቸውን ልጆች ግን አስቀድመው ማወቅ አለብዎ።

ለዚህም በመስከረም ለየወላጁ አንድ ገጽ ቅጽ ይላኩ። ጥያቄዎቹ አራት ብቻ ይሁኑ፦ ልጁ የማይበላው ምግብ፣ ከሕዝባዊ በዓላት ውጭ የሚቀርባቸው ቀናት፣ በሳምንቱ የሚያስቸግረው ሰዓት፣ ሕመምና መድኃኒት። ሃይማኖት የሚል መስመር አያስገቡ። የሚያስፈልግዎ ልጁ ምን እንደሚያስፈልገው እንጂ የማን ወገን እንደሆነ አይደለም፤ የሃይማኖት ዝርዝር አንዴ ከተጻፈ ደግሞ በማን እጅ እንደሚገባ አይታወቅም። ጸበል የሚወሰድ ልጅ ካለም በዚሁ ቅጽ ይታወቃል። የሁለት ሳምንት ሱባኤ ሲሆን ማስታወሻና መልመጃ አስቀድመው ይስጡት፤ ለወላጁም የሐኪም መድኃኒት እንዳይቋረጥ በፍቅር ይንገሩ።

የዓርብን ነገር እንመልከት። ባሕር ዳር ላይ የዙህር (የቀትር ሶላት) ወቅት እንደ ወራቱ ከ6:15 እስከ 6:45 ባለው ጊዜ ይገባል፤ የጁምዓው ኹጥባ (ስብከት) እና ሶላት ከዚያ ይቀጥላል። 6:20 ላይ ክፍል ገብቶ ጁምዓ መስገድ አይቻልም። መንግሥት ራሱ ለሠራተኞቹ የዓርብን የምሳ ሰዓት ከ5:30 እስከ 7:30 አድርጓል፤ ለርዕሰ መምህርዎ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም። በዚሁ ልክ ዓርብ ፈረቃው 7:30 ላይ ይጀምር፣ ክፍለ ጊዜው 35 ደቂቃ ይሁን። ሦስት ክፍለ ጊዜ 9:15 ላይ ያልቃል፤ 20 ደቂቃ እረፍት፤ ሦስት ክፍለ ጊዜ፣ መውጫ 11:20። ከሌላው ቀን 40 ደቂቃ ይዘገያል፣ ግን ገና አይመሽም። ሩቅ የሚሄዱ ሴት ልጆች ካሉ እረፍቱን 10 ደቂቃ አድርገው በ11:10 ያሰናብቱ። የቀነሱት ጊዜ ለእያንዳንዱ ትምህርት 5 ደቂቃ ብቻ ነውና የዓርብን መርሐ ግብር በየወሩ ያዙሩት፤ አለዚያ ሁልጊዜ አንዱ ትምህርት ይጎዳል። የከተማው ትምህርት መምሪያ ለውጡን በጽሑፍ እንዲያውቀው ያድርጉ። ይህ ባይፈቀድ እንኳ ሁለተኛው መንገድ አለ፦ የዓርብ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ክፍለ ጊዜያት ለክበባትና ለቤተ መጻሕፍት ይስጧቸው፣ ስም አይጠራባቸው፣ ፈተናም አይኑርባቸው። ልጆቹ ሲመለሱ በር ላይ የሚጠየቁት ነገር አይኖርም። ጁምዓ ሳይሄድ ከተማ የሚዞር ልጅ ይኖራል፤ ለእሱ ብለው ለሌላው አይዝጉ። ትምህርት ሲጀመር ያልገባ ግን እንደ ማንኛውም አርፋጅ ይታይ።

ከበዓል የተነሣ ለሚቀር ልጅ በስም መጥሪያው ላይ «ፈ» (ፈቃድ) ይጻፍለት፤ «ቀ» አይደረግበት። ለሁሉም ልጅ በወሰነ ትምህርት ሦስት ቀን ይበቃል። ሁኔታው ከሦስት ቀን በፊት በወላጅ ፊርማ ይቅረብ። ያመለጠው ምዘና በተመለሰ በ5 የትምህርት ቀናት ውስጥ፣ በሌላ ግን እኩል በሚከብድ ወረቀት ይሰጠው። አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፦ መምህሩ ለተከታታይ ምዘና ዜሮ አስገብቶ «በኋላ እናስተካክላለን» ይላል፣ ሮስተር ሲሠራ ግን ያው ዜሮ ይገኛል። ሳጥኑ ባዶ ይቆይ እንጂ ዜሮ አይጻፍ።

አድቬንቲስቱ ተማሪ ሰንበቱ ዓርብ ፀሐይ ስትጠልቅ ገብቶ ቅዳሜ ፀሐይ ስትጠልቅ ይወጣል። ማካካሻውን ወደ እሑድ ቢያዞሩት ቅዳሴና ሰንበት ትምህርት ቤት ያለበትን ይነካሉ። በሳምንቱ ሁለት ቀን ከ10:40 እስከ 11:20 ያድርጉት፤ ቅዳሜ ግዴታ ከሆነ የተሰጠው ትምህርት ማስታወሻ ሰኞ ይድረሰው፣ ውጤት ግን ቅዳሜ አይያዝ።

ምግብ ላይ ሰፋ አድርገን እንናገር፤ እዚህ ሀገር ልጅን ከልጅ የሚለየው ከምንም በላይ ማዕድ ነውና። ክርስቲያኑ ሙስሊም ያረደውን፣ ሙስሊሙም ክርስቲያን ያረደውን አይበላም። በግ አንድ ሲታረድ፣ ማንም ያርደው፣ ግማሹ ክፍል ወጥቷል። ሁለት አርዶ ሁለት ድስት መጣድ ይቻላል፤ ቢላው፣ መክተፊያው፣ ጭልፋውና ትሪው ሁሉ ሁለት ሁለት መሆን አለበት፣ አንድ ጭልፋ ከተሳሳተ ሁሉም ይበላሻል። ወጪው እጥፍ፣ ልጆቹም በሁለት ጠረጴዛ። እኛ አንመክረውም። የጾም ምግብ ግን ሁሉም ይበላዋል። ለ60 ልጆች 70 እንጀራ፣ 4 ኪሎ ምስር ክክ፣ 2 ኪሎ ሽሮ፣ 5 ኪሎ ሽንኩርት፣ 2 ሊትር ዘይት፣ ከጥቅል ጎመንና ድንች ጋር ይበቃል። የሚበላሸው በቅቤ ነው፦ ቅቤ የነካው ድስት፣ በቅቤ የተለቆጠ ቅመም፣ ሥጋ የተጠበሰበት ዘይት። ድስቱ በሙቅ ውሃና በሳሙና ይታጠብ፣ ዘይቱ አዲስ ይሁን፣ ምግቡ ምን እንዳለበት ወረቀት ላይ ተጽፎ ይለጠፍ።

ድግስ ድግስ እንዲሸት ከፈለጉ ደግሞ ሐይቁ አጠገብዎ ነው። ዓሣ የማን እርድ ነው የሚባል ነገር የለበትም፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አብረው ይበሉታል። ቆሮሶ ይምረጡ፤ አምባዛ ቅርፊት ስለሌለው የማይበሉት አሉ፣ አድቬንቲስቱ ተማሪዎ ከእነርሱ አንዱ ሊሆን ይችላል። ቀኑ ረቡዕ፣ ዓርብ ወይም የጾም ወቅት አይሁን፤ በሁዳዴ ዓሣን የሚተው ብዙ ነው። ለመዝጊያው ጊዜ ደግሞ የሰኔን ጾም ያስታውሱ። ጰራቅሊጦስ በዋለ ማግስት ሰኞ ስለሚገባ መዝጊያዎ በጾም ውስጥ መዋሉ አይቀርም፤ ስለዚህ ለሰኔ ዓሣውን ትተው ምስሩንና ሽሮውን ይያዙ፣ ሰዓቱንም ከዘጠኝ በኋላ ያድርጉት።

የነገደ ወይጦ ልጆች ጉዳይ ከሁሉም የሚያሳዝነን ነው። እነዚህ ልጆች ሐይቁን ከማንም ቀድመው ያውቁታል፤ አባቶቻቸው ደንገል አስረው ታንኳ የሚሠሩ ናቸው። መገለሉ የመጣው «እነርሱ የሚበሉት አይበላም» ከሚል የቆየ ወሬ ነው፣ ልጆችም ከቤት ሰምተውት ይመጣሉ። ንግግር ብቻውን አይፈታውም። በድግስ ቀን ምግብ በትሪ ለቡድን አይቅረብ፤ ለየልጁ በሳህን ይሁን። መቀመጫውን መምህሩ በስም ቅደም ተከተል ይመድብ፣ በየወሩም ይቀይር። ውሃ መቅጃው ጣሳ አንድ ከሆነ ወይ በቧንቧ ይተኩት ወይ ለየልጁ ኩባያ ይሁን፤ በጣሳ የሚደረገውን ማንም መምህር አያየውም፣ ልጁ ግን ዘወትር ያየዋል። በባህል ቀን ላይ ልጆቹን ልብስ አልብሶ ማሳየት አይገባም። ይልቅ ወላጃቸው ፈቃደኛ ከሆነ የደንገል ሥራን የእደ ጥበብ መምህር ሆኖ ያስተምር፣ ለሌላ እንግዳ ባለሙያ የሚከፈለውም ይከፈለው። ስድብ ሲሰማ እንደ ማንኛውም የዲሲፕሊን ጥፋት በጽሑፍ ይያዝ።

ልብስ ላይ ብዙ አንልም። ሒጃቡ በዩኒፎርሙ ቀለም ይሁን፣ ማተብም ይታሰር። ቤተ ሙከራ ውስጥ እሳት ሲኖር የሒጃቡም የነጠላውም ጫፍ ጋውን ውስጥ ይግባ። ሚኒ ሚዲያው በእረፍት ሰዓት መዝሙርም መንዙማም አያጫውት፤ የበዓል ማስታወቂያ ግን ለሁሉም በዓል በእኩል ርዝመት ያንብብ።

ይህን ሁሉ ለርዕሰ መምህርዎ በአንድ ጊዜ አያቅርቡ። የሚያስፈልጉት ሦስት ወረቀቶች ናቸው፦ የዘጠኝ ሰዓቱና የዓርቡ መርሐ ግብር፣ የ2019 የቀን መቁጠሪያ፣ የወላጆች ቅጽ። ወላጅ መምህራን ኅብረት (ወመህ) ፊት በነሐሴ፣ መርሐ ግብሩ ሳይታተም ይቅረቡ። ቅጾቹንና የፈቃድ ጥያቄዎቹን የሚያዩት ከተለያየ እምነት የመጡ ሁለት መምህራን ይሁኑ፣ ፈቃድ ሲከለክሉም ምክንያቱን ይጻፉ። ርዕሰ መምህሩ አሁንም ካመነቱ የዘጠኝ ሰዓቱን እረፍት ብቻ ለአንድ ወሰነ ትምህርት ይፍቀዱልዎ፤ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮም ስንት ልጅ ከክፍል ወጥቶ እንደተኛ፣ ከእረፍት በኋላ ስንት እንደቀረ በየቀኑ በደብተር ይመዝግቡ። የዓርቡን ጥያቄ ያን ደብተር ይዘው ይመለሱበት።